እንግሊዛዊው ጸሐፊና የአባዬ ፈረስ

ማክሰኞ

ዛሬም አንድ ገጽ ብቻ። ስለ መድን ታሪክ የምጽፈው መጽሐፍ አንድ እንግሊዛዊ የመድን ጸሐፊ ላይ ቆሟል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የኖረ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ስለ እሳት፣ ስለ መርከብ መስጠም፣ ስለ ድንገተኛ ሞት ሲጽፍ የኖረ።

አባዬ ከግምጃ ቤት ከተማ በፈረሳቸው በዳማ መጡ። እሑድ እዚህ እንጅባራ በፈረሰኞች በዓል ሊጋልቡ። ምሳ ላይ ብርጭቆው ከግራ እጃቸው አመለጠና ተሰበረ።

"ላብ ነው" አሉ።

እጃቸው ደረቅ ነበር።

ረቡዕ

ኮርቻ ሲጭኑ በመስኮት አየኋቸው። ጠፍሩን የሚስቡት በቀኝ እጃቸውና በጥርሳቸው ነው። ግራው ተንጠልጥሏል። ሲያዩኝ ፈረሱን በአገውኛ መስደብ ጀመሩ። ሳቅሁ፤ ዓይኔን ግን ከግራ እጃቸው አላነሣሁም።

እንግሊዛዊው በመጨረሻ ታሞ ነበር። ከጠረጴዛው አልተነሣም፤ የሰውን አደጋ ሁሉ ሲመዝን የራሱን ተወው። ቤተሰቡ አላየም? አይቶስ ለምን ዝም አለ? ያነበብኩት ሁሉ ስለዚህ ምንም አይልም።

ሐሙስ

ወንድሜ ይሁኔ ከዳንግላ ደወለ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የአባዬን እጅ ነገርኩት።

"ተያቸው እባክሽ" አለኝ። "ከፈረስ ካወረድሻቸው ያን ጊዜ ነው የሚሞቱት።"

ስልኩን ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ አባዬ በእናቴ ስም ጠሩኝ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። "አቤት" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ዓርብ

ጠዋት አልቻልኩም፤ ተናገርኩ።

"አባዬ፣ እሑድ አይጋልቡ። እጅዎ ታሟል።"

"ማን አለሽ?"

"አይቻለሁ።"

"ይኼ መጽሐፍሽ ነው ያስፈራሽ። ስለ ሞት ስትጽፊ ውለሽ እኔን ልትቀብሪኝ ነው?"

ዳማን ይዘው ወጡ። ስልካቸው አልጋው ላይ ቀርቷል። ምሳ ሰዓት አለፈ። በባጃጅ እስከ ዘንገና ሐይቅ ድረስ ፈለግኋቸው። ያየ የለም። አንድ ገበሬ "ባዶ ፈረስ አይቻለሁ" አለኝ።

ስመለስ ደጃፌ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጓሙን በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ ጫማቸው አቧራ ለብሶ።

"እርካቡ ውስጥ እግሬን ማስገባት አቃተኝ" አሉ። "ሰው እንዳያየኝ በጫካው በኩል ፈረሱን እየሳብኩ መጣሁ።"

ልጓሙን ልቀበላቸው ስል እጄን ያዙኝ።

"ውሰጅኝ" አሉ።

ቅዳሜ

ሆስፒታል ነን። ሐኪሟ ወደ አንጎላቸው የሚሄደው ደም እየተቋረጠ ነው አለች። "በጊዜ መጥታችኋል። ግን አሁንም ያሰጋል፤ እናያለን።"

ይሁኔ መጣ። ዓይኔን ማየት ፈራ። ወንበሬን ለቀቅሁለት።

ለነገው በዓል ከየወረዳው የሚገቡት ፈረሶች ኮቴ ከውጭ ይሰማል። አባዬ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ዳማ በላ?"

"በልቷል አባዬ።"

"ነገ ይሁኔ ይጋልበው። አፉን እንዳይጎትተው ንገሪው።"

ይሁኔ እዚያው አጠገባቸው ቆሞ እየሰማ ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይተኙ ያልቅሱ አላወቅሁም። ትንፋሻቸውን እያዳመጥኩ ነው።