የዘንድሮው ላፕቶፕ

ለዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር አስቤ እጄ እንቢ አለኝ። ካንቺ ጋር ከተለያየን ሁለተኛው መስቀል አለፈ። ዘንድሮ ደመራው ሲለኮስ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሜ ነው ያየሁት። ድሮ ጋቢዬን ጎትተሽ ወደ ፊት የምታስገቢኝ አንቺ ነበርሽ። እኔ ሰው ገፍቶ ማለፍ እንደማላውቅበት መቼም ታውቂያለሽ።

ቤቱ እንደተውሽው ነው ልልሽ አልችልም። የጓዳው በር ክረምቱን ውኃ ጠጥቶ አብጦ አልዘጋ ብሏል። አናጢ ነኝ፤ ግን የሰው በር እየጠገንኩ የራሴን አልፈዋለሁ፤ የሚጨቀጭቀኝ ስለሌለ ይሆናል። ሽሮ መሥራት ተምሬያለሁ። ጨው ይበዛበታል እንጂ ይበላል። እንጀራውን ጎረቤታችን እትየ ብርቄ ትጋግርልኛለች። ስታመጣልኝ ትንሽ ቁጭ ብላ ብታወራኝ ደስ ባለኝ፤ እሷ ግን ሰው ምን ይላል ብላ ከደጃፍ ትመለሳለች። ከሁሉ የሚከፋኝ ከሥራ ስገባ ነው። በሩን ስከፍት ስምሽን ልጠራ አፌን እከፍትና መልሼ እገጥመዋለሁ። እንዲህ ብቻዬን እቀራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ልጃችን ትርንጎ ደህና ናት። እንደተመኘሽላት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሳ ዘንድሮ የሕንጻ ንድፍ ገብታለች፤ እነሱ አርክቴክቸር ይሉታል። ቤቱ ገና መሠረቱ ሳይቆፈር ምን እንደሚመስል፣ በሩ በየት፣ ብርሃኑ በየት እንደሚገባ የሚስል ሰው ማለት ነው አለችኝ። የአናጢ ልጅ መሆኗ ይሆን ብዬ ብቻዬን ስኮራ ሰነበትኩ።

ኩራቱ ብዙ አልቆየም። ትምህርቱ ያለ ላፕቶፕ አይሆንም። ንድፉ ሁሉ የሚሠራው በእሱ ነው፤ ወረቀትና እርሳስ የመጀመሪያው ሰሞን ብቻ ኖሯል። እሷ የጓደኞቿን እየለመነች፣ እነሱ ምሳ ሲወጡ ቁጭ ብላ፣ እነሱ ሲመለሱ ተነሥታ ትሠራ ነበር። ለእኔ አልነገረችኝም። አንድ ቀን ብቻ ደውላ ላፕቶፕ ወደማይጠይቅ ትምህርት ልቀይር ነው አለችኝ። ነገሩን እንደ ቀላል አድርጋ ነው የነገረችኝ፤ እኔ ግን ልጄን አውቃታለሁ። እንዳትቀይሪ፣ እኔ እፈልግልሻለሁ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከየት ልፈልግ ብዬ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ይህን ስነግርሽ እንዳትቆጪ። ጓሮ ከቆርቆሮው ሥር ደርድረን ያደረቅናቸውን የዋንዛ ጣውላዎች ሸጥኳቸው። ለትርንጎ ሠርግ ቁም ሳጥን ይሠራባቸዋል ብለሽ ከስንቱ ገዢ ያዳንሻቸው እነዚያ ናቸው። ከዳባት የመጣ ሰው ወሰዳቸው። ሲያስጭናቸው ቆሜ ማየት ስላልቻልኩ ቤት ገብቼ ስለት ያለውን መጋዝ እንደገና ሞረድኩ። ሠርጉ ይቆያል፣ ትምህርቱ ግን አይጠብቃትም ብዬ ነው። ደግ አደረግህ ወይም ምን ነካህ የሚለኝ ሰው ብፈልግ አጣሁ። አንቺን አማክሬ ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር።

ከትርንጎ ጋር የተስማማነው ገንዘቡን ይዤ ጎንደር እንድወርድና ቅዳሜ አብረን ፒያሳ ሄደን እንድንመርጥ ነበር። ምን ምን እንደሚታይ በስልክ ደጋግማ አስጠንታኛለች። መብራት ስለሚጠፋ ባትሪው የሚቆይ ይሁን፣ ይዤው ስለምውል ቀላል ይሁን፣ ራሙ ትልቅ ይሁን አለችኝ። ራም ምንድን ነው ብላት ትንሽ አሰበችና፣ እንደ ሥራ ጠረጴዛህ ነው፣ ሰፊ ሲሆን ብዙ ነገር አንድ ላይ ይዘረጋበታል አለችኝ። ይህን አነጋገሯን ወደድኩላት። ለሰፈሩ ሰው ስነግር ሁሉም አዋቂ ሆነ። አንዱ ቀጭኑ ቶሎ ይሰበራል፣ ወፍራሙን ግዛ አለኝ፤ ሌላው ስልኳ ምን አነሳት አለ። አንቺ ቢሆን ዝም ብለሽ ነጠላሽን አጣፍተሽ ሱቁን ሁሉ ትዞሪው ነበር።

ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር የሚያወርደው መንገድ በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ ከርሞ የተከፈተው ሐሙስ ነው። እስከ ቅዳሜ ተመልሶ ቢዘጋስ ብዬ በዚያው ቀን ወረድኩ። ትርንጎ ክፍል ነበረች። እስክትወጣ ፒያሳን ልዙር ብዬ ወጣሁ። ኪሴን በእጄ እንደያዝኩ ነው የምሄደው፤ ሌባ ቢኖር እጄን አይቶ ያውቅብኛል። መንገድ ላይ ከምንገላታ ዋጋ ልጠይቅ ብዬ አንድ ሱቅ ገባሁ። ዋጋ ብቻ፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ሻጩ ትሑት ልጅ ነው፤ ምን ልታዘዝ አባቴ አለኝ። በመጀመሪያ አዲስ አሳየኝ፤ ዋጋውን ሲነግረኝ እጄን ከላዩ አነሣሁ። ቀጥሎ የተሠራበት ነው፣ ከዱባይ ነው የመጣው፣ ግን ንጹሕ ነው ብሎ አንድ ጥቁር ላፕቶፕ አቀረበልኝ። ስለ ራሙ ጠየቅሁት። እንደ አዋቂ ስጠይቀው ሳይገርመው አልቀረም። ከዚያ እንደ ልማዴ ዕቃውን ገለበጥኩት። ወንበርም ሆነ አልጋ፣ እኔ ሆዱን ሳላይ አልገዛም፤ የሠሪው ስንፍና የሚታየው ከሥር ነው። ከሥሩ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል። ፊደሉ ሁሉ የፈረንጅ ነው። አንድ ነገር ግን ማንበብ ቻልኩ፣ ዓመቱን። የዘንድሮው ዓመት ነው የተጻፈበት!

ዓለሜ፣ ልቤ ዘለለ። ዘንድሮ የተሠራ ዕቃ ነው፣ ምናልባት አንድ ሁለት ወር ቢሠራበት ነው፣ ይህ ልጅ ደግሞ የያዘውን አያውቅም አልኩ። ድሮም ዋጋ መከራከር አልችልበትም፤ ያን ዕለት ጭራሽ ልጁ ገልብጦ ሳያይ ብዬ የጠራውን ቆጥሬ ሰጠሁት። እሱም ሳይከራከር የሚገዛ ሰው አይቶ አያውቅ ይሆናል፣ ትኩር ብሎ አየኝ። አንቺ ብትሆኚ ቦርሳውንና ማውሱን በምራቂ ሳታስጨምሪ ከዚያ ሱቅ ንቅንቅ አትዪም ነበር። እኔ ምራቂ ትዝ ያለኝ ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። በፌስታል እንደታቀፍኩት ትርንጎ ወዳለችበት ግቢ ሄድኩ።

ቅዳሜን ባለመጠበቄ ቅር እንዳትላት ፈርቼ ገና ከሩቅ ወሬውን አስቀደምኩ። የዘንድሮ ነው፣ ሻጩ አላወቀም፣ አባትሽ አሞኘው አልኳት። ከፌስታሉ አወጣችው። እሷም እንደ እኔ ገለበጠችው፤ ይህን ከእኔ ነው የወሰደችው። ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየች። እኔ እስቃለሁ። ሸጋ ነው አባየ፣ በጣም ሸጋ ነው ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

አምባ ጊዮርጊስ ተመልሼ ለማን ያልነገርኩት አለ! ለእድሩ ሰው ነገርኩ፣ በር ሊያሠራ ለመጣ ሁሉ ነገርኩ። የዘንድሮ ነው እላለሁ። እትየ ብርቄ እንጀራውን ይዛ በመጣች ቁጥር የዘንድሮው ላፕቶፕ እንዴት ነው ብላ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ። ያን ሰሞን ቤቱም እንደ ወትሮው አልከበደኝም። ለትርንጎ የሚሆን ነገር ብቻዬን መምረጥ ቻልኩ ብዬ ነበር።

ገና ካለፈ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት በር እንድጠግን ጠራኝ። ማጠፊያውን ልፈታ ቁጢጥ ብዬ ቀና ስል ፊት ለፊቴ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ የእኛ ዓመትና የፈረንጁ ዓመት ጎን ለጎን የታተመበት። ሥራዬን ቀጠልኩ። አንዱን ብሎን ፈታሁ፣ ሁለተኛውን ጀመርኩ፣ ከዚያ እጄ ቆመ። ፈረንጆቹ ሰባት ስምንት ዓመት እንደሚቀድሙን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ። ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ በእኛ ዓመተ ምሕረት እንደማይጻፍበት ግን ያን ዕለት ፒያሳ ላይ አልታየኝም። የእኛ ዘንድሮ እኮ ለእነሱ ካለፈ ቆይቷል፤ ትርንጎ የላስቲክ ጫማ አድርጋ ትምህርት ቤት የምትሮጥበት ዘመን ነው። ዕቃው ያኔ ነው የተሠራው።

ሻጩን ልቀየመው አልችልም፤ የተሠራበት ነው ብሎ ነግሮኛል። ያሞኘሁት መስሎኝ የተሞኘሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ቤት ገብቼ እሳትም አላነደድኩ። ያንቺን ዋንዛ ባረጀ ዕቃ ለወጥኩት፣ ልጄንም ጉድ ሠራኋት እያልኩ ተቀመጥኩ። አንቺ ብትኖሪ መጀመሪያ አፍሽን በነጠላሽ ይዘሽ ትስቂብኝ ነበር፣ ስትስቂ እኔንም ሳቅ ይይዘኝ ነበር፣ ነገሩም በዚያው ያልፋል። ብቻዬን ልስቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ያን ያህል ናፍቀሽኝ አታውቂም።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ጎንደር ወረድኩ። ትርንጎ ግቢው አጠገብ ያለ ሻይ ቤት ወሰደችኝ። ላፕቶፑን ከፈተችው፤ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ባትሪው ስለማይቆይ እሷ የምትቀመጠው ሁልጊዜ ሶኬት ያለበት ግድግዳ ሥር ነው። ራሙን አስጨምራዋለች። ከየት አምጥተሽ ብላት፣ ለተመራቂዎች ጽሑፍ እየተየብኩ ባገኘሁት ነው አለችኝ። ከዚያ የሳለችውን ቤት አሳየችኝ። በረንዳ አለው። ጣቷን ስታንቀሳቅስ ቤቱ ዞሮ ጀርባውን ያሳያል፤ የጓዳውን በር ሳይቀር አየሁት። ትምህርቱንም አልቀየረችም።

ይቅርታ ልጠይቃት ተጨንቄ ስጀምር አቋረጠችኝ። ገና ያን ቀን በግቢው በር ላይ ወረቀቱን ስታየው አውቃ ኖሯል። ምነው ታዲያ አልነገርሽኝም አልኳት። እማየ ከሞተች ወዲህ ጥርስህን ያየሁት ያን ቀን ነው አለችኝ። ሳቀችና ደግሞ፣ እማየስ ብትሆን ስንቱን ነገር ዝም ትልልህ አልነበር እንዴ አለች። የቱን አልኳት። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ ብላ ወሬ ቀየረችብኝ።

መኪና ላይ ሆኜ እስከ አምባ ጊዮርጊስ የቱን ይሆን እያልኩ መጣሁ። ቤት እንደገባሁ ልብስሽ ያለበትን ሳጥን ከፈትኩ። ከቀብርሽ ወዲህ እጄ ነክቶት አያውቅም። ቀሚሶችሽን ሁሉ አንቺው ነሽ መርጠሽ የገዛሽው። እኔ መርጬ ያመጣሁልሽ ያን ጥቁር ጫማ ብቻ ነው፣ ትርንጎ ክርስትና ስትነሣ ከጎንደር የገዛሁልሽን። አድርገሽው ከጓዳ ወጣሽና፣ በእግሬ ተለክቶ የተሠራ ይመስላል አልሽኝ። ዓይኔ ከሜትር ይበልጣል እያልኩ ስንት ዓመት ተኩራራሁበት። በየጥምቀቱ አደረግሽው፣ በየሠርጉ አደረግሽው። ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ወደ ኋላ ትቀሪ ነበር፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ጨዋታ ይዘሽ ይመስለኝ ነበር።

ጫማውን ወደ ብርሃን አውጥቼ ውስጡን አየሁት። ተረከዙ ጋ ቆዳው በምላጭ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ እንዳይቀደድ ዳር ዳሩ በጥቁር ክር ተጠልፏል፣ ከውጭ ቢያዩት እንዳይታወቅ ተደርጎ። የአውራ ጣትሽም በኩል እንዲሁ ነው። በሁለቱም እግር። ጠቦሽ ኖሯል፣ ዓለሜ። ያን ሁሉ ዓመት ጠቦሽ ኖሯል።

ጫማውን ሳጥኑ ውስጥ መልሼ አልከተትኩትም፤ ራስጌዬ አስቀምጬዋለሁ። እስከ ዛሬ ያንቺ ነገር ትዝ ሲለኝ የሚመጣብኝ ከጓዳ ወጥተሽ እግርሽን ያሳየሽኝ ነበር። ከእንግዲህ የማስበው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ እኔ ሥራ ስሄድ ጠብቀሽ፣ በሩን ገጠም አድርገሽ፣ ምላጭና መርፌ ይዘሽ ብቻሽን ስትቀመጪ። ያቺን አልረሳትም።

ባልሽ