ዘይት የበዛባት መሰርሰሪያ

ይድረስ ለተወደድህ ታናሽ ወንድሜ። ባሕር የማያግደው፣ ርቀት የማያደክመው የእግዚአብሔር ሰላም ባለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንደ ምን ሰነበተ? ያ ያሳምምህ የነበረው ግራ ጆሮህ በፋብሪካው ጩኸት ብሶበት ይሆን? እንቅልፍህስ? ምግብህስ? ጸሎትህስ? ይህን ወደ መጨረሻ የጣልሁት መልሱን ስለምፈራ ነው። እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነን፤ ከእኔ ጉልበትና ትተህልን ከሄድኻት መሰርሰሪያ በቀር በቤቱ ታሞ የሰነበተ የለም።

የምጽፍልህም ስለ እርሷ ነው፤ ታግሠህ አንብብ፣ እኔም ታግሼ ነው የምጽፈው።

እኅታችን ባሏ ካረፈ ወዲህ እንጀራዋ በዚያች ባለ እግር መሰርሰሪያ እንደ ሆነ ታውቃለህ። ሰሞኑን ለጤና ጣቢያው ሃያ የብረት አልጋ ልትሠራ ተቀብላ ነበር፤ ቀጠሮው ዓርብ ነበር። የአልጋው እግር ከክፈፉ ጋር በብሎን ይጋጠማል፤ ቀዳዳው የስንዴ ፍሬ ታህል ከሳተ ብሎኑ አልገባም ይላል። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ይስት ጀመር። ቀዳዳውን የሚበሳው ፑንታ ብረቱን ሲነካ ይወላገዳል፤ ቀዳዳውም ክብነቱ ቀርቶ እንቁላል መስሎ ይወጣል። ፑንታውን ነክሶ የሚይዘው ማንድሪንማ ሁለት ጊዜ ከነፑንታው ወልቆ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

ሰኞ ዕለት ማሽን ጠጋኙን አስጠራን። ለሁሉ ነገር መልሱ «ጣጣ የለውም» ስለ ሆነ ሰፈሩ በዚሁ ስም ይጠራዋል። መጀመሪያ የሚያዞራት ቺንጋ ላልቷል ብሎ ቀየረው፤ መሰርሰሪያዋ እንደ ተወላገደች ዋለች። ማክሰኞ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው አለ፤ እኔም ኩሽኔታ ምን እንደ ሆነ ሳላውቅ ራሴን ነቀነቅሁ። ዘንጓን አውጥቶ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን አሮጌ ኩሽኔታ በመዶሻ አስለቅቆ፣ አዲስ አስገባ። ስትዞር ድምፅዋ ጠራ፤ ፑንታው ግን ያው ነው። ረቡዕ ጠረጴዛዋን በውሃ ልክ ለካ፣ ምሰሶዋን አጠበቀ፣ ከእግሯ ሥር ቆርቆሮ ሸጐጠ። ዕድሜ ልኬን ዜማ የሚያበላሽ ተማሪ ስታገሥ የኖርሁ ሰው፣ ሦስት ቀን ሙሉ «ጣጣ የለውም አባቴ» ሲለኝ ትዕግሥቴ እንደ አሮጌው ቺንጋ ላላ።

የሚፈትሸው ቢያልቅበት ወደ እኅታችን ዞረ። «እትዬ፣ ማሽኗ ምንም አልሆነችም። እጅዎ ነው፤ እጀታውን ሲጫኑ ይንቀጠቀጣል» አላት። ለነገረኛ መልስ እንደማታጣ ታውቃታለህ። ያን ዕለት ግን እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችና ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከዚያም «እውነቱን ነው፤ አርጅቷል» ብላ፣ አሮጌ ብረት የሚገዛው ቁራሌው በማግሥቱ መጥቶ መሰርሰሪያዋን እንዲወስድ ላከችበት።

ጠጋኙ ዕቃውን ሊሰበስብ ማንድሪኑን ሲመልስ፣ ጣቱን ወደ ዘንጉ ጉድጓድ ሰደድ አደረገ። አውጥቶ አሸተተው። «እዚህ ውስጥ ዘይት ያፈሰሰ ማነው?» አለ።

ወንድሜ ሆይ፣ እኔ ነኝ።

ስትሄድ «ጋሼ፣ አደራ፣ ዘይት አይጉደልባት» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፈህልኝ ነበር። ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የዘይት ጣሳዬን ይዤ ቆሜአለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት እኅታችን ትልቅ ፑንታ ልታስገባ ማንድሪኑን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ትታው ኖሮ፣ ሾጣጣ ጭራውም የሚገባበት ጉድጓድም ደርቀው አገኘኋቸው። ይህን ያህል ዘመን እኔ ያልደረስሁበት ስውር ስፍራ መኖሩ አሳፈረኝ፤ ሁለቱንም አጠጣኋቸው። ለካ ያ ጭራ ብሎን የለው፣ ብየዳ የለው፤ ደረቅ ብረት ደረቅ ብረትን ጨምድዶ ነው የሚቆመው። ዘይት ጐድሎበት የተወቀሰ ሰው አውቃለሁ፤ ዘይት በዝቶበት የተወቀሰ ግን እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ጠጋኙ እንደ ጠየቀ ወዲያው የመለስሁ እንዳይመስልህ። ጣሪያውን አየሁ። ስንቱን ሰው በደልህን አትሸሽግ ብዬ እንደ መከርሁ አንተ ታውቃለህ። እኅታችን እጇን ደግማ ስታይ ግን አልቻልሁም፤ «እጅሽ ምንም አልሆነም፣ ያፈሰስሁት እኔ ነኝ» አልኋት። «ጋሼ፣ ለገዛ እጄ ነበር እኮ ማልቀስ የጀመርሁት» አለች።

ጠጋኙ በቤንዚን አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ ማንድሪኑን በእንጨት መዶሻ አንዴ መታው። የመጀመሪያውን ቀዳዳ እርሷው በሳችው። ብሎኑ በገዛ ክብደቱ ወረደ። አወጣችው፣ መለሰችው፤ ደግሞ አወጣችው። ሐሙስ ቁራሌው ሲመጣ አሮጌውን ኩሽኔታ ሰጥታ ሸኘችው፤ ትናንት ሃያውን አልጋ ለጤና ጣቢያው አስረከበች።

አንተንም ሳልወቅስህ አላልፍም። ንባቡን ለጥፈህ ትርጓሜውን ይዘህ ሄድህ። የሚቀባውን ብቻ ሳይሆን የማይቀባውን ለይተህ፣ በጐላ ፊደል ጽፈህ ላክ። እኅታችን እስከዚያው በመሰርሰሪያዋ ግንባር ላይ በጠመኔ «ጋሼ አይንኩ» ብላ ጽፋለች። ፊደል ያስቆጠርኋት እኔ ነኝ፤ አንድም ግድፈት የለባትም።

ባለቤትህን ስለ ትዕግሥቷ አመስግንልኝ። ጥርሷ የወለቀውን ትልቋን ልጅህንና አጐቷን በሥዕል ብቻ የምታውቀውን ታናሿን ሳምልኝ። የጆሮህን መድኃኒት የምታስታውስህን አማትህን እጅ ንሣልኝ። እኅታችን እጇ ደኅና መሆኑን እንድጽፍልህ ሁለት ጊዜ አሳስባኛለች። ጠጋኙም ጣጣ የለውም ይልሃል።

ታላቅ ወንድምህ
ከእኅታችን የብረት ሥራ ቤት፣ ከመሰርሰሪያዋ አምስት ርምጃ ርቄ
ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ በዘይት ሰዓት