ምስኪን ጨጓራዬ

እህትዓለም፣

ከክሊኒክ ተመልሼ ወደ ሥራ እየሮጥኩ ነው። ፊትሽ ቆሜ ከማወራው በወረቀት ይሻለኛል።

ሐኪም ሳላይ «ጨጓራዬ ነው» ብዬ አንቺን ጭምር ቅቅል ድንች ያስበላሁሽ፣ ውሃ አፍልተን እንጠጣ ስትዪኝም «ፈሪ» ያልኩሽ እኔ፣ ዛሬ ተመረመርኩ። የላቦራቶሪዋ ልጅ ሰገራዬን በማይክሮስኮፕ አይታ፣ «ጨጓራሽ ምን በደለሽ? ጃርዲያ ነው» አለችኝ። ለካ ከቧንቧ ውሃ የገባ ተሕዋስ ስቀልብ ከርሜያለሁ።

መድኃኒቱ አፌን ብረት ብረት አሰኝቶታል፤ «ፈሪ» ላለችሽ ምላሴ ሲያንሳት ነው።

ለጨጓራ አይሆንም ብዬ የደበቅኩብሽ ቃሪያ ሻንጣዬ ውስጥ አለልሽ።
ውሃ አፍልቻለሁ።

ሐኪሙ «አብራሽ የምትኖረውም ትመርመር» ብሏል። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ባለክዳን ብልቃጥ የይቅርታ ስጦታ እንዳትመስልሽ። ነገ ጠዋት ሰገራ ይዘሽባት ትሄጃለሽ።