ለካስታኛ ጫካ የቆሙት እንደራሴ፦ የክቡር አቶ ኤጂስቶ ፓላንድሪ የሕይወት ታሪክ (1945–2019)

ክቡር አቶ ኤጂስቶ ፓላንድሪ ከአባታቸው ከአቶ ጉሊየልሞ ፓላንድሪ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አርሚዳ ቬኑቲ፣ ከፒስቶያ በላይ ባለው ተራራ፣ በቫልሞሬታ መንደር ኖቬምበር 11 ቀን 1945 ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛው ናቸው። ጦርነቱ ገና ማብቃቱ ስለነበር በቤቱ ውስጥ ዱቄት የሚባለው ካስታኛ ከተባለው የተራራ ዛፍ ፍሬ የሚፈጨው ብቻ ነበር፤ ጥርስ ያወጡትም በእሱ ገንፎ ነው። አባታቸው የሰው ጫካ ምርቱን በእኩል እየተካፈሉ ይይዙ ነበር፤ በ1958 ያንኑ ጫካ ገዙት። ዛሬም የቤተሰቡ ነው።

አንደኛ ደረጃን በመንደራቸው ተማሩ። ከቤተሰቡ ከአምስተኛ ክፍል ያለፈ ሰው ስላልነበረ ከተማ ወርደው የእርሻ ትምህርት ቤት ሲገቡ እናታቸው «ዛፍ መትከል ደግሞ ትምህርት ሆነ?» ብለው ነበር ይባላል። በ1964 በዲፕሎማ ተመረቁ። በ1966 በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በጸሐፊነት ተቀጠሩ፤ በ1971 ወይዘሮ ኦርኔላ ጄሪን አገቡ፤ ፋቢያናን እና ዳኒሎን ወለዱ። ከ1975 እስከ 1985 የቫልሞሬታ ከንቲባ ሆነው ሠሩ። ወደ ላይኛው ሠፈር የሚወጣው መንገድ የእሳቸው ሥራ ነው፤ ኩርባው መጥበቡም የእሳቸው ጥፋት ነው፤ ራሳቸውም ያምኑ ነበር።

በ1996 በመሃል ግራው የፖለቲካ ወገን ተመርጠው ሮም ገቡ፤ በምክር ቤቱ የግብርና ኮሚቴ አሥር ዓመት ተቀመጡ። የተራራ ገበሬ ዱቄቱን በመንደሩ ስም እንዲሸጥ የሚፈቅደውን አንቀጽ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ሌላ ብዙ አላስገቡም። አንድ የኮሚቴው ባልደረባቸው «ኤጂስቶ፣ ስንዴ የሚባል ነገር ሰምተህ ታውቃለህ?» ቢላቸው «ስንዴማ ጠበቃው ብዙ ነው» ብለው እንደ መለሱለት ሲናገሩ አይጠግቡም ነበር። በ2006 እንደገና አልተወዳደሩም፤ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ብዙም አልቆየም፤ ከሩቅ ምሥራቅ ከችግኝ ጋር የመጣ ጥቃቅን ተርብ በተራራው ገባ። የካስታኛውን ቡቃያ እያሳበጠ ፍሬውን ያስቀራል። በ2009 አቶ ኤጂስቶ የክፍለ ሀገሩ የግብርና ኃላፊ ሆነው ሲመረጡ ዛፉ ቅጠሉ ሳስቶ ሰማይ ያሳይ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወፍጮው የሚፈጨው አጥቶ ቆመ። ሕዝቡ መድኃኒት ይረጭልን አለ። እሳቸው ግን ንቡም ያልቃል፣ ይልቅ ያንን ተርብ የሚበላ ሌላ ተርብ አስመጥተን እንልቀቅ አሉ። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ አዳራሽ ስብሰባ ተደርጎ ባለወፍጮው አቶ ሴቲሚዮ ቢኒ ተነሡ።

«አንተ ኤጂስቶ፣ ቤቴ ሌባ ቢገባ ሌላ ሌባ ልጥራ?»

«ጋሽ ሴቲሚዮ፣ አይጥ ሲገባ ድመት አይደል የሚጠራው?»

«ድመቷ ስንት ዓመት ትፈጃለች?»

«አምስት፣ ስድስት።»

«ታዲያ እስከዚያ ወፍጮዬ ምን ይፍጭ? ያንተን ንግግር?»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ ነገር ግን አልለቀቁም። ደጉ ተርብ የበረዶውን ክረምት የሚያሳልፈው በደረቀው እብጠት ውስጥ ተኝቶ ስለሆነ የተቆረጠው ቅርንጫፍ እስከ ሰኔ እንዳይቃጠል አዘዙ። ይህ ለተራራ ሰው ከባድ ነው። ከፋሲካ በፊት የዛፉን ሥር ጠርጎ ያላቃጠለ ሰው ሰነፍ ይባላል፤ ሴት ልጁም ባል አታገኝም ይባል ነበር።

የመጀመሪያው የደጉ ተርብ ሣጥን በ2011 የተለቀቀው በራሳቸው በፓላንድሪ ጫካ ነው። በተከታዩ መጋቢት ከዚያው ጫካ ጭስ ተነሣ። ያቃጠለችው ይህን ጽሑፍ የጻፈችው የወንድማቸው ልጅ ማሪዛ ናት። አገር የሚያውቀው ስለሆነ እዚህ ላይ መዝለል አያስፈልግም። አቶ ኤጂስቶ የሥራ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ሮጠው መጡ።

«ማሪዛ፣ ምንድን ነው ያቃጠልሽው?»

«ቆሻሻ ነዋ! አያቴ ስታደርገው የኖረችውን ነው። ሰው ሁሉ በእኛ ጫካ እያለፈ እስኪስቅ ልጠብቅ?»

«ያንን ቆሻሻ ለማስመጣት እኮ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ፣ ልጄ።»

እሳቱን በአካፋ ሲያጠፉ ማሪዛም አፈር አቀበለቻቸው። ስንት ተርብ እንደ ተቃጠለ በኋላ ብትጠይቃቸው አልነገሯትም። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ተነሥተው «ትእዛዜን መጀመሪያ ያፈረሰው ቤቴ ነው፤ ዘንድሮ ለቤተሰቤ ጫካ የተመደበው ሣጥን ለጋሽ ሴቲሚዮ ጫካ ይሁን» አሉ። አቶ ሴቲሚዮ ሣጥኑን አልመለሱም፤ «ቤቱን ያላስተዳደረ ክፍለ ሀገር ያስተዳድራል» እያሉ ማውራቱንም አልተዉም። ወሬው ሠራ። በ2014 አቶ ኤጂስቶ እንደገና ለከንቲባነት ቢወዳደሩ በራሳቸው መንደር በአርባ ሁለት ድምፅ ተሸነፉ። ማሪዛ አልቅሳለች። እሳቸው አላለቀሱም። ሹመት ከሌላቸውም ወዲያ በየክረምቱ በሰው ጫካ እየዞሩ የደረቀውን እብጠት በሰንጢ እየሰነጠቁ በአጉሊ መነጽር ያዩ ነበር። «ምን ቤት ነዎት?» ያሏቸው አሉ፤ እሳቸው ግን ወደሚቀጥለው ዛፍ ይሄዱ ነበር።

በ2016 መከር ቅርጫት ሞላ። ፍሬው የሚደርቅባቸው ጭስ ቤቶች በአራት ቦታ ተለኮሱ፤ ወፍጮውም ተነሣ። አቶ ሴቲሚዮ ከመጀመሪያው ዱቄት አንድ ከረጢት ይዘው አቶ ኤጂስቶ ደጅ ቆሙ።

«ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር፣ ክቡር እንደራሴ።»

«አዎ ጋሼ፣ ዝናቡ ጥሩ ነበር።»

ከዚያ ገብተው ወይን ጠጡ። ማሪዛ በኋላ «ተርቡ ነው ብለው ለምን አልነገሩትም?» ብላ ብትቆጣ «ወፍጮው ይፈጫል አይደል?» ብለዋታል።

በ2018 ጸደይ የጣፊያ ሕመም ተገኘባቸው። በሕክምናና በቤታቸው ሲረዱ ቆይተው ኦክቶበር 17 ቀን 2019 ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኦርኔላ እጃቸውን እንደ ያዙ ዐረፉ። ከባለቤታቸው ሌላ ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ አንዲት እህትና አሥራ አንድ የወንድምና የእኅት ልጆች ትተዋል።

ቀብራቸው ከአሥር ሰዓት በፊት እንዳይሆን ያዘዙት ራሳቸው ናቸው፤ የካስታኛ ለቀማ ነው፣ ቀኑን ሰው ሥራ አታስፈቱ ብለዋል። ስለዚህ ከጫካ በቀጥታ የመጣችሁ፣ በጭቃ ጫማችሁ ቤተ ክርስቲያን ስለ ገባችሁ ማንንም ይቅርታ እንዳትጠይቁ። ወለሉን ማሪዛ ትጠርጋለች።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በማያውቀው ጥላው ሥር ያሳርፍልን፤ ላዘኑት ሁሉ መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።