ለሰናይት የማሳድጋቸው ትሎች

ሰኞ
መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ የቢራቢሮ ትሎቹ በሕይወት ካልደረሱ ለልጄ ጥናት አይጠቅሙም። ሰናይት አዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ውስጥ የቢራቢሮ ክሮሞዞሞች በረጅም ዘመን እንዴት እንደተሰነጣጠቁና እንደተጋጠሙ ታጠናለች። በአልኮል የተቀመጠ ቢራቢሮ ዘረመሉ ይነበባል። ክሮሞዞሙን በሚያበራ ቀለም ለይቶ በማይክሮስኮፕ ለማየት ግን በመከፋፈል ላይ ያለ ሕዋስ ያስፈልጋል፤ እሱ የሚገኘው ትሉ ቢራቢሮ ሆኖ ክንፍ ሳያወጣ ነው። የእኛን የደብረ ማርቆሱን ቢራቢሮ ከቆላው ጋር ልታነጻጽር ነው።

"አባዬ፣ ካደጉልህ ራሴ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ" ብላለች። ከፋሲካ ወዲህ አላየኋትም።

ማክሰኞ
ጓሮ ጤና አዳሙ ላይ ያሉት ትሎች ወፍረዋል። ጠዋት ብርዱ ከባድ ነበር፤ መብላት ግን አላቆሙም። የሰናይትን ክፍል ጠረግሁ፣ አንሶላ ቀየርሁ። ለመምጫዋ ገና ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ።

ረቡዕ
ከገበያ ስመለስ ጤና አዳሙ አመድ ለብሷል። የነሰነሰችበት ጎረቤቴ ስንዱ ናት።
"ጋሼ፣ ትል ሲጨርሰው ዝም ብለው ያያሉ? እንኳን እኔ አለሁልዎ!"
ትሎቹ የሰናይት መሆናቸውን ነገርኳት።
"ውይ በሞትኩት! ልጅቷ ተምራ ተምራ ትል ላይ ደረሰች?" ብላ ሳቀች። ፊቴን አይታ ደነገጠች። ቅጠል በቅጠል አብረን አጠብን። የወደቁትን ዶሮዎቿ ለቅመዋቸዋል። ሁለት ብቻ ተረፉ። ካርቶን ውስጥ አስገባኋቸው።

ዓርብ
ስንዱ ከራሷ ጓሮ ንጹሕ ጤና አዳም ታመጣለች። "እንግዶችዎ በሉ?" ትላለች በአጥር ላይ። አንዱ ሞተ። ሌላው መብላት አቁሟል። ፈራሁ።

እሑድ
አልሞተም! ራሱን በቀጭን ክር ከቅርንጫፉ ጋር አስሮ ቅርፊት ለበሰ። መምህር ሳለሁ ክፍል ውስጥ ሙሽሬ እያልሁ ያስተማርሁት፣ በትልና በቢራቢሮ መካከል ያለው ደረጃ ነው። ስንዱ ሙሽሬ ስል ሰምታ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አስቆምኋት።
"ወንድሜ ማክሰኞ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ካርቶኑን ይውሰድልዎ" አለች።
እውነቷን ነው። ለጥናቱ የሚበጀው ቶሎ መድረሱ ነው፤ ቢራቢሮ ሆኖ ከወጣ ጊዜው ያልፋል። ግን ካርቶኑ ከሄደ ሰናይት ምን ብላ ትመጣለች?

ከምሳ በኋላ ስልኩን ይዤ ብዙ ተቀመጥሁ። ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ ይህን ላክሁ፦

"ሰናይት፣ አንድ ተርፏል፤ ሙሽሬ ሆኗል። ማክሰኞ በሚመጣ መኪና ልልክልሽ እችላለሁ። አንቺ ብትመጪ ግን ደስ ይለኛል፤ ለትሉ ብዬ አይደለም። መኪናው ሳይነሣ ቶሎ መልሺልኝ።"