ኮች «ሂድ» ሲለኝ

መጋቢት 2
የቅርጫት ኳስ ልምምድ። ጉልበቴ ዛሬም አብጧል፤ በረዶ አሰርኩበት። ምሳ ዶሮና ሩዝ... እንደገና። ትሬቮን እንደ ልማዱ አልጋዬን እያየ «እግርህ እኮ ኮሪደር ላይ ነው የሚያድረው» አለኝ። አብሮ የሚኖር ሰው ደግሞ እንዲህ ምላሱ ይረዝማል? ነገ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። አሠልጣኛችን ኮች ሃልቨርሰን ያስገባኝ ይሆን?

መጋቢት 3
ተሸነፍን። የውድድር ዓመቱ አለቀ። ገባሁ፣ ወዲያው ወጣሁ።

መጋቢት 8
የዓመቱ ጨዋታ ሲያልቅ ኮች ሁላችንንም በየተራ ቢሮው ያስጠራል። ዛሬ የእኔ ተራ ነበር።

ሶፋው ላይ አስቀመጠኝ። ስለ ጉልበቴ ጠየቀ፣ ስለ እናቴ ጠየቀ። ከዚያ... በደንብ የምትጫወትበት ሌላ ኮሌጅ ብትፈልግ ይሻልሃል አለ። የትም ብትሄድ ከጎንህ ነኝ አለ።

ገባኝ! ልቤን እያየ ነው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ያሳደገውን ልጅ «ሂድ» ሲለው ብድግ ብሎ የሚሄድ ባለጌ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና አገር ቤት አዌል ሳለን ከብቶቹን የሚጠብቅለትን ሰው በየዓመቱ «ሂድ» ይለው ነበር። ሰውየው «ወዴት እሄዳለሁ?» ይላል። አባቴ ደስ ይለዋል።

ተነሥቼ ቆምኩ። «ኮች፣ የትም አልሄድም። ከአገሬ ያመጣኸኝ አንተ ነህ» አልኩት።

ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። አለቀሰ መሰለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሸኘኝ። እየበረርኩ ወጣሁ።

መጋቢት 15
ኦማሃ ከተማ ለሚኖረው አጎቴ ማዱት ደወልኩ። ከሚሠራበት ሥጋ ፋብሪካ ገና መውጣቱ ነበር። ኮች ያለኝን፣ የመለስኩለትን ነገርኩት። «የአባትህ ልጅ!» አለኝ። ስልኩን ለሚስቱ ሰጥቶ እንደገና አስተረከኝ።

መጋቢት 24
ቡድኑ ዛሬ ተሰብስቦ ነበር አሉ። ለእኔ መልእክት አልደረሰኝም። ረስተውኝ ይሆናል... አይደል?

መጋቢት 29
ትሬቮን ምሳ ላይ የት ልትሄድ ነው አለኝ። የትም አልኩት። ሹካውን አስቀመጠ። ኮች ምን እንዳለኝ ጠየቀኝ፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ሊስቅ ብሎ ፊቴን አየና ተወው።

«አቲያን፣ ወንድሜ... አባሮሃል እኮ። እዚህ አገር የሚያባርሩት እንዲህ ነው።»

ምግቤን ጥዬ ኮች ጋ ሄድኩ። በሩ ላይ እንደ ቆምኩ ጠየቅኩት። ቦታህን ለአንድ አውስትራሊያዊ ሰጥቻለሁ አለ። ስኮላርሺፑም አብሮ ሄዷል። «የገባህ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ፊቱ ቀላ። እሱም አፈረ። እኔስ? ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ስኮላርሺፕ ከሌለ ትምህርት የለም። ትምህርት ከሌለ ቪዛ የለም። ምን ይውጠኛል?

መጋቢት 30
ኮሌጅ ለሚቀይሩ ተጫዋቾች የሚከፈተው የዝውውር ምዝገባ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ሌሎቹ ቀድመው ተመዝግበው፣ ቀድመው ቦታ ይዘዋል። እኔ ታማኝ ነኝ ብዬ ተኝቼ...

ሚያዝያ 6
ማንም አልደወለም።

ሚያዝያ 11
አንድ አሠልጣኝ ደወለ። ስለ ጉልበቴ ጠየቀ። እውነቱን ነገርኩት። ጥሩ ልጅ ነህ፣ መልሼ እደውላለሁ አለ። አሁንማ ቋንቋቸውን ለምጄዋለሁ። አይደውልም።

ሚያዝያ 19
እናቴ ደወለች። አላነሣሁም። ምን ልበላት? ቂል! ቂል ነኝ! እግዚአብሔር ሆይ፣ ምን አድርጌህ ነው?

አጎቴ ደግሞ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ተነሥቷል። ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከኦማሃ ሁለት የእኛን ሽማግሌዎች አስከትሎ ኮች ቢሮ ሊገባ። ሊለምንልኝ። ጥበቃው ሲመልሳቸው ታየኝ። ተወው፣ እባክህ ተወው አልኩት።

«እንዴት ነው የምተወው? ልጄን በሰው አገር ሜዳ ላይ ጥሎት!»

ድምፁ ተሰበረ። አጎቴ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስልኩን ይዤ አብሬው አለቀስኩ።

ሚያዝያ 28
አልበላሁም። ትሬቮን ሳንድዊች ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ወጣ። ዛሬ አልቀለደብኝም። ይኼ ደግሞ ባሰብኝ።

ግንቦት 4
ከካንሳስ ተደወለ። ትንሽ ኮሌጅ ነው። የአሠልጣኙ ድምፅ ሸካራ ነው፤ ስለ እናቴ አልጠየቀም። ጉልበትህን ሐኪማችን ያየዋል፣ ስኮላርሺፕ አለ አለ። ልቤ ልትወጣ ደረሰች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «በሚቀጥለው ዓመት ትልቅ ኮሌጅ ቢጠራህ ጥለኸኝ ትሄዳለህ?»

ምን እንደሚፈልግ አላወቅኩም። ልቤን እያየ ይሆን? ደግሞ ልሳሳት? ደከመኝ።

«እሄዳለሁ» አልኩት።

ሳቀ። «ሁሉም አልሄድም እያለኝ ነው የሚሄደው። ና፣ ቦታው ያንተ ነው» አለኝ።

ለአጎቴ ደወልኩ። ሚስቱ እልል አለች። ሲረጋጋ ምን ብትለው ነው እንዲህ የወደደህ አለኝ።

«የትም አልሄድም አልኩት» አልኩ።

ተመስገን አለ፣ የአባትህ ልጅ አለ፣ መረቀኝ። ለአጎቴ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።