«ልዩ ልዩ» ውስጥ የቀበርኩት ደብዳቤ

የካቲት 3
ዛሬም መዝገብ ቤቱ ጣሪያ ውስጥ ስብሰባ አለ። የሌሊት ወፎቹ ናቸው። ከኛ ስብሰባ ይሻላሉ፣ ቢያንስ በሰዓቱ ይበተናሉ።

ደብዳቤ ገባ። ከማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከታናሽ ወንድሜ ቢሮ! እሱ የሌሊት ወፍ ምራቅ በጥጥ እየጠረገ ቫይረስ ይፈልጋል፤ ቤት ውስጥ «የሌሊት ወፎቹ አማች» ነው የምንለው። «በእጅ አትንኩ፣ በጭስ አታባርሩ…» ወይ ጉድ! ይህን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ጋ ልግባና መሳቂያ ልሁን? ማኅተም መታሁና «ልዩ ልዩ» ፋይል ውስጥ ከተትኩት። እዚያ የገባ ወረቀት ተመልሶ ወጥቶ አያውቅም።

የካቲት 11
ሥራ አስኪያጁ ጎብኚ ሊመጣ ነው ብሎ ጣሪያው በጭስ ይታጠን አለ። ታጠነ። እኛ ሳልን፣ አነባን፤ እነሱ በመስኮት ወጡ። አንዷ ብቻ ጠረጴዛዬ ላይ ወደቀች። ጸሐፊዋ ወንበር ላይ ወጥታ ጮኸች። እኔ ጀግናዋ በባዶ እጄ አነሳኋት። «አየሽ? ምን ታደርጋለች?»

ነከሰችኝ።

የካቲት 12
ንክሻዋ የመርፌ ጫፍ አታክልም። ለዚህ ሐኪም ቤት ይኬዳል? ለወንድሜ ብነግረው «አላልኩሽም?» ሊለኝ… ሞቼ እገኛለሁ!

የካቲት 13
እንቅልፍ የሚባል የለም። ደብዳቤው ስለተነከሰ ሰው የሚል ነገር ነበረው… ምን ነበር? ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ «ልዩ ልዩ»ን ዘረገፍኩት። ስለጠፋ ጃንጥላ የተጻፈ ማመልከቻ፣ በሻይ ክበቡ ላይ የቀረበ አቤቱታ… ከሥር ተገኘ። «ቁስሉን ወዲያው በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብ፤ በዚያው ቀን መከተብ። የሌሊት ወፎች የእብድ ውሻ በሽታ ዓይነት ቫይረስ ሊይዙ ይችላሉ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም።»

ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ለወንድሜ ደወልኩለት።

«እቴቴ፣ መቼ ነው የነከሰችሽ?»
«ከትናንት ወዲያ…»

ይስቅብኛል ስል፣ «አሁንም ይደረስበታል። ታጠቢው፣ መጣሁ» አለ። ስልኩን ሳይዘጋ ሲሮጥ ሰማሁት።

የካቲት 20
የክትባቱ ሦስተኛ መርፌ። ወንድሜ አብሮኝ ተሰለፈ። «ሁሉም የሌሊት ወፎች በሽታ ይዘዋል ማለት አይደለም እኮ። ጣጣው ስንነካቸው ነው። እነሱ ያንቺ ጠረጴዛ ላይ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ?»
እውነቱን ነው። ያወረድናቸው እኛ ነን።

የካቲት 27
የመጨረሻው መርፌ። ክንዴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ።

ሥራ አስኪያጁ «ይህ ደብዳቤ ለምን አልደረሰኝም?» ብሎ ጮኸ። ቢደርሰውስ ያነበው ነበር? እንጃ። ግን የቀበርኩት እኔ ነኝ፣ አልኩት። የወንድሜን ደብዳቤ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩት።

ከሰዓት ለእኔ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፋይል እንዲደረግ መጣ። ፋይል የማደርገው ደግሞ ማን ሆኖ… እኔው! እጄ ለምዶበት ወደ «ልዩ ልዩ» ሄደ። መለስኩት። ስሜ ያለበት ፋይል ውስጥ፣ ከሁሉ በላይ አደረግኩት።